ነገረ ዲፖዚት

ሰው በባዕድ ሀገር ሲኖር ብዙ ነገር ይለምዳል፤ በረዶ መጥረግን፣ ሰላምታን በሁለት ቃል ጨርሶ ማለፍን፣ የጠዋቱን አንድ ሰዓት ሰባት ብሎ መጥራትን፣ ይህን ሁሉ በዘመን ብዛት ከደሙ ያዋሕደዋል፤ ነገር ግን በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ከምንኖር ወገኖች መካከል፣ ቤት ሲከራይ ያስያዘውን ገንዘብ፣ በልማድ ዲፖዚት የምንለውን፣ ቤቱን ሲለቅ ሙሉውን ቈጥሮ የተቀበለ ሰው ተገኘ ቢባል፣ ያንን ሰው በዐይኑ ለማየት ከአሌክሳንድሪያና ከባልቲሞር ድረስ መኪናውን እየነዳ የሚመጣ እንደሚኖር አልጠራጠርም።

የዚህ ገንዘብ ጠባይ ከሌላው ገንዘብ ሁሉ የተለየ ነው። ዕቁብ የጣለ ሰው ተራው እስኪደርስ ቢቸኩልም እንደሚደርስ አይጠራጠርም፤ ለዕድር የሚከፍል ሰው ክፍያው የሚመለስለት በገዛ ቀብሩ ዕለት መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ከመመለሱ ይልቅ መዘግየቱን ይወዳል፤ ለቤተ ክርስቲያን ዐሥራት ያወጣ ምእመንም ዋጋውን በሰማያት ስለሚጠባበቅ፣ ለምን ዘገየ ብሎ ደብዳቤ አይጽፍም። ዲፖዚት ግን የእኔ ነው እንዳይሉት በሌላ ሰው እጅ ነው፣ የሌላ ሰው ነው እንዳይሉት በስማቸው ተመዝግቧል፤ አይበሉት፣ አያበድሩት፣ ለታመመ ዘመድ አይልኩት፤ ባለቤቱ በዓለም ውስጥ ሲንከራተት ገንዘቡ ብቻውን መንኖ ገዳም የገባ ይመስላል፤ ከብዙ ምልጃ በኋላ ቢወጣ እንኳ ከስቶ ነው የሚወጣው።

አባቶቻችን ሲዳኙበት በኖሩት በፍትሐ ነገሥት አደራም መያዣም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ አደራ የተቀበለ ሰው የተቀበለውን ሊጠብቅ፣ መያዣ የያዘም ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ሊመልስ ይገባዋልና፣ ሁለቱ ባይደባለቁ መልካም ነበር። በዲፖዚት ግን በአንድ ቼክ ላይ ተደባልቀው ተገኙ። ተከራይ ገንዘቡን በአደራ ያስቀመጠው ይመስለዋል፤ አከራይ በመያዣ እንደ ያዘው ያምናል፤ ሁለቱም ይህን እምነታቸውን ሳይገላለጹ ለዓመታት በሰላም ይኖሩና፣ ተከራዩ ዕቃውን በካርቶን ማሰር በጀመረ ዕለት የሃይማኖት ክርክር ይነሣል።

ነገሩ የሚበላሸው ግን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ነው። የአፓርትመንቱ ማኔጅመንት ቢሮ ቁልፍ ሲሰጥ ከቁልፉ ጋራ አንድ ቅጽ ይሰጣል፤ በቅጹ ላይ ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ምንጣፉ፣ ምድጃው፣ የመታጠቢያው ገንዳ፣ የመጋረጃው ዘንግ ሳይቀር በተራ ተዘርዝሮ፣ በየአንዳንዱ አንጻር ተከራዩ በገባበት ዕለት ያየውን ጉድለት እንዲጽፍ ባዶ ቦታ ተትቶለታል። ከዚያ ባዶ ቦታ የበለጠ ለተከራይ የሚጠቅም ነገር በሕጉም በውሉም ውስጥ አይገኝም። የእኛ ሰው ግን ከልጅነቱ የተማረው፣ ሰው ቤት ሲገባ የግድግዳውን ስንጥቅ አይቶ እንዳላየ ማለፍን እንጂ፣ እስክርቢቶ አውጥቶ የባለቤቱን ነውር በዝርዝር መጻፍን ስላልሆነ፣ ከቀድሞው ተከራይ የቀረውን የምንጣፍ እድፍ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ፣ «ምንም አይደል፣ ደኅና ቤት ነው፣ እግዚአብሔር የባረከው ይሁን» ይልና፣ በባዶው ቦታ ሁሉ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም መስመር ስቦ ይፈርማል። ቅጹን ተቀብላ በፋይል የምታስገባው ልጅ በዚያች ሰዓት ፈገግ የምትለው ከልብዋ ነው።

ከዚያ ኑሮ ይጀመራል፤ የሀገራችንም ሰው ኑሮ ሽታ አለው። ሽንኩርቱ ደርቆ ሲቁላላ፣ በርበሬው ገብቶ ሲንተከተክ፣ ኮረሪማና በሶብላ የተጨመረበት ቅቤ ሲነጠር፣ የሚነሣው መዓዛ በሩን አልፎ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞራል፤ ከምድጃው በላይ የተገጠመው ማራገቢያ በብዙዎቹ አፓርትመንቶች ጭሱን ከፊት ተቀብሎ መልሶ ወደ ጣሪያ የሚነፋ እንጂ ወደ ውጭ የሚያወጣ አይደለምና ለዚህ ነገር ረዳት አይሆንም። በሊፍት ውስጥ የሚገናኙን ጎረቤቶች፣ ደግነት ያላቸው ምን እንደ ተሠራ ይጠይቃሉ፣ ደግነት የጐደላቸው ለቢሮው ይጽፋሉ። የፋሲካው ዶሮ የሚሠራበት ቀዳም ሥዑርማ ለብቻው ታሪክ ይወጣዋል፤ ሁለት ወር ያህል ሥጋና ቅቤ ያላየ ቤት በአንድ ቀን የጾሙን ሁሉ ካሣ ሲያሰናዳ፣ በግድግዳው ቀለም ላይ ምን እንደሚደርስ ውሉን ያረቀቀው ጠበቃ ሊገምት አይችልም።

ቡና ሲቈላ ደግሞ በጣሪያው ላይ ያለው የጭስ አላርም፣ የቡናን ጭስ ከቤት ቃጠሎ ለይቶ እንዲያውቅ ሆኖ ስላልተሠራ፣ ፍሬው ገና መንጣጣት ሲጀምር ይጮኻል፤ ከልጆቹ አንዱ ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ እያራገበ ያባብለዋል። አንዳንድ ቤት ጠዋት በፌስታል ጠቅልለውት ማታ መፍታቱን ይረሱታል፤ ይህን እንኳ እኔ አላመሰግነውም፣ ቃጠሎ በእውነት የመጣ ዕለት የሚቀሰቅሳቸው አይኖርምና። ከቡናው ጋራ ዕጣን አለ፤ ዕጣኑም ነጩን ግድግዳ በጥቂት ዓመት ውስጥ የብራና መልክ ያለብሰዋል። በስተምሥራቅ በኩል የእመቤታችን ሥዕል ይሰቀላል፣ ከርሷ ግራና ቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል፣ ዝቅ ብሎ የልጁ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ ከበሩ አጠገብ ከሀገር ቤት የመጣው የቀን መቁጠሪያ፤ እያንዳንዱም ምስማር ይፈልጋል፤ ውሉ ግን ምስማርን ይከለክላል። ከሥዕሉ ሥር ጧፍ በበራባቸው ሌሊቶች በምንጣፉ ላይ የተንጠባጠበውን ሰም፣ ወረቀት አልብሶ በካውያ በመተኰስ ማንሣት ይቻላል የሚሉ እናቶች አሉ፤ ከሰሙ ጋራ ምንጣፉም አብሮ የተነሣላቸው አሉ።

የመልቀቂያው ሳምንት ሲደርስ ታላቅ ጽዳት ይታወጃል። ዘመድ ይጠራል፤ አንዱ ምድጃው ውስጥ እስከ ትከሻው ገብቶ ይፍቃል፣ ሌላው ከሱፐርማርኬት በተከራየው ማሽን ምንጣፉን ያጥባል፣ ሴቶቹ መስኮቱን በጋዜጣ ይወለውላሉ፤ የምስማሩ ቀዳዳ በጥርስ ሳሙና ይደፈናል። ይህ የጥርስ ሳሙና ነገር ከአንዱ ተከራይ ወደ ሌላው በቃል ሲተላለፍ የኖረ ትውፊት ነው፤ ጉድለቱ ሳሙናው ፍጹም ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ግድግዳው ከዚያ ሁሉ ዕጣን በኋላ ነጭ አለመሆኑ ነውና፣ ቀድሞ ሰው ልብ የማይላቸው ቀዳዳዎች ከዚያ በኋላ ከበሩ ላይ ተቆሞ ይቈጠራሉ።

መርማሪ ሆኖ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አንድ ወጣት ነው፤ ታብሌት ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ በፊቱ ላይ ግን ደስታም ኀዘንም አይነበብም። ተከራዩም ከኋላው እየተከተለ «ቡና ላፍላልህ?» ይለዋል፤ ቡናው ራሱ ከክሶቹ አንዱ መሆኑን ዘንግቶታል። ያም ሆኖ መገኘቱ መልካም ነው፤ በሜሪላንድ ሕግ ተከራይ በዚህ ምርመራ ላይ የመቆም መብት አለው፤ ከመልቀቁ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ የሚወጣበትን ቀንና አዲሱን አድራሻውን በሪኮማንዴ ደብዳቤ ቢያስታውቅ፣ አከራዩ ምርመራው መቼ እንደሚደረግ ሊነግረው ግዴታ ይሆንበታል። ይህን መብት የሚያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው፤ ዐውቆ ደግሞ ደብዳቤውን የሚልክ ከጥቂቱም ጥቂት ነው፣ ደብዳቤ መላክ ጠብ መጀመር ይመስለናልና።

እኔ ከኖርሁበት አፓርትመንት በወጣሁ ጊዜ ከማኔጅመንቱ ቢሮ የደረሰኝ ዝርዝር፣ ግድግዳ ስለ መቀባት፣ ምንጣፍ ስለ መለወጥ፣ ምድጃ ስለ ማጽዳት የተቀነሰውን ከነገረኝ በኋላ፣ በመጨረሻው መሥመር ላይ «ሽታ ስለ ማስወገድ» የሚል ነበረበት። እስከዚያ መሥመር ድረስ በትዕግሥት አነበብሁ፤ እዚያ ላይ ግን ተቈጣሁ። በቤቱ ውስጥ የቀረው ሽታ የሰንበት ቡናዬ፣ የማርያም ዝክሬና የፋሲካዬ ነበር፤ እነዚህን በዶላር ተምነው ያስወገዱልኝ መሆናቸውን በደብዳቤ ሲያስታውቁኝ፣ በመናፍቅነት ተወግዤ ከማኅበር የተለየሁ ያህል ተሰማኝ።

አባቴ በሀገር ቤት በፍርድ ቤት ደጃፍ ራፖር ጸሐፊ ነበርና፣ ማመልከቻ መጻፍ ለእኔ የአባት ሙያ ነው። ተቀምጬ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ፤ ከክቡራን ሆይ ጀምሬ፣ ስለ እንግዳ ተቀባይነት፣ ስለ አብርሃም ድንኳን፣ ስለ ኢዮብ ትዕግሥት፣ ሕዝባችን ዕጣንን ከጥንት ጀምሮ ለአምላክ ክብር ሲያጥን ስለ መኖሩ፣ ሁለት ገጽ ሞልቼ ለልጄ እንድታርመው ሰጠኋት። ልጄ አንብባ ስትጨርስ፣ «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች አያለቅሱም» አለችኝ፤ «ሕጉን ጥቀስ፣ ቀኑን ቁጠር፣ ይመለስልኝ የምትለውን ገንዘብ ጻፍ፤ ኢዮብን ተወው።» ኢዮብን ተውሁት፤ አብርሃምን ግን ለማቆየት ትንሽ ተከራክሬ ነበር።

የቀረው ደብዳቤ አጭርና ደረቅ ነበር፤ ጥፍር ያለው ግን እርሱ ነው። የሜሪላንድ የሪል ፕሮፐርቲ ሕግ አንቀጽ 8-203 እንደሚለው፣ አከራይ ተከራዩ ቤቱን በለቀቀ በ45 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን ከነወለዱ ሊመልስ፣ የሚቀንሰውም ካለ የጉዳቱን ዝርዝር በእርግጥ ካወጣው ወጪ ጋራ በጽሑፍ ሊልክ ይገባዋል፤ ዝርዝሩን በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልላከ ስለ ጉዳት የመቀነስ መብቱን ያጣል፤ ያለ በቂ ምክንያት የያዘውም ገንዘብ ካለ፣ ተከራዩ የተያዘበትን እስከ ሦስት እጥፍ፣ የጠበቃውንም ዋጋ ጭምር በፍርድ ሊጠይቀው ይችላል። ወለዱ ቢያንስ በዓመት 1.5 በመቶ ነው፤ ጥቂት ነው፣ ነገር ግን ተጽፏል። ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ክስ በዲስትሪክት ፍርድ ቤት በቀላል ሥርዓት ይታያል፤ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ለሚከብደውም የሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና የተከራይ ጉዳይ ቢሮ ያለ ምንም ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል። ከሁሉም በላይ ሕጉ ጉዳትንና እርጅናን ይለያል፤ ቀለም በዘመን ይደበዝዛል፣ ምንጣፍ በእግር ብዛት ይሳሳል፤ ቤቱን የተከራየው አንድ ባሕታዊ ቢሆንና ከጥሬ ሽንብራ በቀር ምንም ባይቀምስበት እንኳ፣ ያ ግድግዳ ከዓመታት በኋላ መቀባቱ አይቀርም ነበር፤ በአግባቡ ከመኖር የሚመጣው ይህ እርጅና የአከራዩ ዕዳ ነው፣ ኪራይ ሲቀበል የኖረው ስለዚህ ነውና።

ልጄ በገባንበት ዕለት እኔ ሳላውቅ ባዶውን ቤት በስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ ኖሮ፣ ምንጣፉ ያኔውኑ አሮጌ እንደ ነበረ ሥዕሉ መሰከረ። ደብዳቤውን ከፎቶግራፎቹ ጋራ በሪኮማንዴ ላክን፤ ብዙም ሳይቆይ ቼክ መጣ። ሽታው ተሰርዟል፣ ምንጣፉ ተሰርዟል፣ ቀለሙ ተሰርዟል፤ የምድጃው ብቻ ቀርቷል። ስለ ምድጃው አልተከራከርሁም፤ ያንን ምድጃ የሚያውቅ ሰው አይከራከርም። ከቼኩ ጋራ ይቅርታም ቁጣም አልነበረም፤ በማግስቱ መንገድ ላይ ብንገናኝ የምንፋረደው ሰው የለም፣ የተቀያየመ ዘመድ የለም፣ በክርስትና ላይ ፊቱን ያዞረብኝ የለም። ኩባንያ ስለማያፍር፣ እርሱን የሚያፍር ሰው የለም።

መከራው ያለው አከራይ የሀገር ሰው በሆነ ጊዜ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት፣ ቀን በፓርኪንግ ሥራ፣ ማታ በነርስነት ትምህርት የሚደክም፣ የአንዲት ትልቅ እመቤት ቤዝመንት ተከራይቶ ይኖር ነበር። እርሱ እትዬ ይላቸዋል፣ እሳቸው ልጄ ይሉታል፤ ውል የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጀመሪያውን ወር፣ የመጨረሻውን ወርና አንድ ወር ዲፖዚት በጥሬ ገንዘብ ቈጥሮ ሲሰጣቸው፣ ደረሰኝ ቢጠይቅ እንደ ስድብ ይቈጠርበት ስለነበር፣ ገንዘቡን በሁለት እጁ አቀረበ፣ እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ከዚያ ቡና ተጠጣ። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሜሪላንድ ሕግ ዲፖዚትን በአንድ ወር ኪራይ ልክ ከመወሰኑ አስቀድሞ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢሆንም ግን በዚያ ቤት የሚለወጥ ነገር የነበረ አይመስለኝም። ካውንቲው ቤት የሚያከራይ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል፤ የእሳቸው ቤዝመንት ግን ከእግዚአብሔር ፈቃድ በቀር ሌላ ፈቃድ አልነበረውም።

እመቤቲቱን በክፉ እንዳታዩብኝ። አባታቸው በአዲስ አበባ ከሚኖሩበት ሌላ የሚያከራዩት ቤት ነበራቸው፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ፣ ያ ቤት በአንድ ቀን ትርፍ ሆኖ ተወሰደ። ቤት ሲሄድ ያየች ልጅ ካደገች በኋላ በእጇ የገባውን የቤት ገንዘብ ጨብጣ ብትይዝ ሊገርመን አይገባም፤ እኔ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ሳስበው፣ የወጣቱ ዲፖዚት የታሰረው በእርሱ ጥፋት ሳይሆን በደርግ ጥፋት ይመስለኛል። ደግሞም የለመዱት የሀገር ቤቱን ሥርዓት ነው፤ በአዲስ አበባ ተከራይን የሚያስለቅሰው ሲወጣ የሚመለስለት ገንዘብ ሳይሆን ሲገባ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ ነው፤ እስከ ግማሽ ዓመት ድረስ የሚጠይቁ አከራዮች በመብዛታቸው፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ እስከ መደንገግ ደረሰ። የተሰጠ ገንዘብ ተመልሶ መጠየቁ ለእትዬ አዲስ ትምህርት ነበር።

ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያገኘ ጊዜ ሊለቅ ሆነ። በመሰናበቻው ቀን ዲፖዚቱን ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ወደ ላይ ወጣ፤ እሳቸው ዶሮ ሠርተው ጠበቁት።

«እትዬ፣ እንግዲህ ልወጣ ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ በእናት ዐይን ነው ያዩኝ።»

«ምን አደረግሁልህ ልጄ፤ ደግሞስ የት ትሄዳለህ፣ ቤቱ የአንተ ነው።»

ቤቱ የአንተ ነው ላሉት እመቤት፣ እንግዲያውስ የቤቱን ማስያዣ ይመልሱልኝ ማለት ከወዴት ይጀመራል? ጐረሰ፣ ተጐራረሱ፣ የተረፈውን በሣህን ተቀብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ እኔ ዘንድ ሲመጣ 45ቱ ቀን አልፎ ነበር። ሕጉን ዘረዘርሁለት፤ ሦስት እጥፉን ስነግረው ፈገግ አለ፣ ስለ ፈቃዱ ስነግረው ግን ፊቱ ጠቈረ። «ጋሼ፣ እትዬን ለመንግሥት አሳልፌ ልስጣቸው? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ በአንቀጽ 8-203 ውስጥ መልስ የለም።

ስለዚህ ነገሩ በሽምግልና እንዲታይ ሆነ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጥግ፣ የእትዬ የንስሐ አባት፣ ሁለት አዛውንትና እኔ ተቀመጥን። እትዬ ቃላቸውን ሰጡ፤ ልጁ መብራት ሳያጠፋ ይተኛ እንደ ነበር፣ ሻወሩ ውስጥ ይዘገይ እንደ ነበር፣ ምንጣፉም ላይ አንድ ነገር እንዳፈሰሰ፣ ይሁን እንጂ እሳቸው ምንም እንዳልተቀየሙ ተናገሩ። ወጣቱ ተራው ሲደርስ ሊናገር የሚችለው ብዙ ነበረ፤ በክረምት ሁሉ በረዶውን የጠረገው፣ ለእትዬ መድኃኒት ከፋርማሲ የሚያመላልሰው፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ሌሊቱን ባልዲ ሲለዋውጥ ያደረው እርሱ ነው። እርሱ ግን ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ «እሳቸው እንዳሉት ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ከሳሹ ክሱን እንዲህ አድርጎ ለተከሳሽ ካስረከበ በኋላ ሽማግሌዎች ምን ይፍረዱ? አንደኛው አዛውንት ስለ 1967 ዓ.ም. ተናግረው እትዬን አስለቀሷቸው፤ ሁለተኛው ገንዘብ የዓለም ነገር መሆኑን አስረዱ፤ የእኔን አንቀጽ ለማንሣት ብሞክርም የንስሐ አባታችን በዐይናቸው ገሠጹኝ። በመጨረሻ እኩሌታው ይመለስ ተብሎ ተፈረደ። ይህ በተነገረ ጊዜ እትዬ ተነሥተው፣ «እኩሌታማ እንዴት ይሆናል፣ ልጄ አይደለም ወይ፣ ሁሉንም እሰጠዋለሁ» አሉ፤ ወጣቱም ተነሥቶ፣ «አልቀበልም፣ ከእናቴ ጋራ ገንዘብ አልቈጥርም» አለ፤ እሳቸው ይምላሉ፣ እርሱ ይምላል፤ የንስሐ አባት ሁለቱንም ከመሐላው ፈቱ፣ ጸሎት ተደረገ፣ እግር ተሳሳሙ፤ ሁላችንም እንባችንን እየጠረግን ስንበታተን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የተሻገረ አንዲት ዶላር አልነበረችም።

በዚያው ዓመት ወጣቱ ሚስት አገባ። በሠርጉ አዳራሽ እትዬ ከፊተኛው ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ እልል ሲሉ ከወላጅ እናቱ ድምፅ የእሳቸው ይበልጥ ነበር። ስጦታ ሲሰበሰብ አንድ ፖስታ አኖሩ፤ በማግስቱ ሙሽሮቹ ፖስታውን ሲከፍቱ በውስጡ የተገኘው ገንዘብ ከዲፖዚቱ ጋራ ልክ ለልክ፣ ከላይም ሳይተርፍ ከታችም ሳይጐድል፣ እኩል ሆኖ ተገኘ፤ በካርዱም ላይ «ከእናትህ» ተብሎ ተጽፏል። ወጣቱ በደስታ ወደ እኔ ደወለ፤ ሚስቱ ግን ማን ምን እንደ ሰጠ በደብተር የምትመዘግብ ሥርዓት ያላት ልጅ ናትና፣ የእትዬን ስም ከነገንዘቡ ልክ ጽፋ ነበር። እንዲህ ሆኖ ዲፖዚቱ ተመለሰ፤ ተመልሶም ብድር ሆነ፣ የእትዬ የመጨረሻ ልጃቸው ታጭታለችና።

የእሷ ሠርግ ለጥር ተቈርጧል። ባለፈው ሰንበት ወጣቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘኝና ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሳስበው ለልጅቷ ያንኑ ገንዘብ ልመልስ ነው፤ ግን እንዲሁ ልክ ለልክ ቢሆን ያስነውራል፤ ያ የነገሩኝ 1.5 በመቶ ወለድ ከየትኛው ቀን ነው የሚታሰበው፣ ቤቱ ከገባሁበት ነው ወይስ ከሠርጌ?» ብሎ ጠየቀኝ።